ይድረስ ለልጄ ለከማል

ከማል ልጄ፣ «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ የጤናህን ነገር ግን ከአንተ በፊት ከሹፌሩ ሰማሁት። ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ግራ እጅህን በሻሽ አንጠልጥለህ አይቶሃል። ለእናትህ «ኳስ ስጫወት ወድቄ ነው፣ ወለምታ ነው» ብለሃታል። የእኔን ስልክ አላነሳህም። ወጌሻ ቤት ልትሄድ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ራጅ ሳትነሳ እንዳታሳሽ።

ትንሽ ሆነህ ሉካንዳው ውስጥ የተሰቀለውን ጎድን ስትቆጥር ትዝ ይልሃል? «በሬ 13 ጥንድ አለው» ስልህ «የእኔስ?» ብለህ ሸሚዝህን ገለብክ። 12 ነበር፤ በጣቴ እየኮረኮርኩ ቆጠርኩልህ። ስትወለድ እርግብግቢትህ ሲመታ እያየሁ እጄን ለማሳረፍ እፈራ ነበር። ያኔ አጥንትህ ወደ 300 የሚጠጋ ነው፤ እያደግህ ስትሄድ እርስ በርሱ ይጋጠምና 206 ላይ ይቆማል። የእጅ አንጓህ ላይ ብቻ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉ። ከእነሱ አንዱ ሲሰነጠቅ ወለምታ ነው የሚመስለው። ደግሞ አጥንት ድንጋይ አይደለም፤ የጥጃ አጥንት ስከፍል መቅኔው ቀይ ነው፣ ደም የሚሠራው እዚያ ነው። ሕይወት ያለው ነገር አለቦታው ከታሸ ይበላሻል።

አጎትህ ስለ እጁ ስትጠይቀው «ጅብ በላው» እያለ ሲቀልድብህ እኛም አብረን እንስቅ ነበር። ጅብ አልበላውም። 14 ዓመቱ ነበር፤ ጦሳ ተራራ ሥር በለስ ሊለቅም ወጥቶ ወደቀ። ወጌሻውን ጠርቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ስንቱን አቃንቷል። ግን ያበጠውን ክንድ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረው። ሌሊቱን ሙሉ «ወንድም ጋሼ፣ ፍታልኝ» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ወንድ ልጅ ይችላል» አልኩት። ጠዋት ጣቶቹን ስነካቸው ቀዝቅዘዋል። አሁንም አልፈታሁለትም። በሦስተኛው ቀን ጠቆሩ። ደም መተላለፊያ አጥቶ ነው አለን ሐኪሙ፤ ከክርኑ በታች ቆረጡት። እስከ ዛሬ አንድ ቀን «አንተ ነህ» ብሎኝ አያውቅም።

እንዳታሳሽ ብያለሁ!

ያቺን የብር ቀለበት ይህን እያነበብክ አውልቃት፤ እምቢ ካለች በሳሙና። ጀሶ ካደረጉልህ እጅህን ትራስ ላይ ከፍ አድርገህ ተኛ፣ ጣቶችህን አንቀሳቅስ። ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ተመለስ፤ ጀሶም ሊጠብቅ ይችላል። ሲያሳክክህ እንጨት አትክተትበት። ሲጋራ ጀምሯል የሚሉትን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ፤ የተሰበረ አጥንት እንዳይገጥም ስለሚያዘገይ ግን ከዛሬ ጀምሮ ተው። እናትህ የአጥንት ሾርባ ልላክ ብላ ነበር። ሾርባው አይጎዳህም፣ አጥንት ይገጥማል የሚባለውን ግን እኔ ሻጩ እንኳን አላምንም። ወተትና እንቁላል አትለይ።

አብሽር የኔ ጌታ፣ ቁጣዬ ከፍርሃት ነው። አጎትህ ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ይመጣል፤ ገንዘቡ በእሱ እጅ ነው፣ ራጅ የሚያስነሳህም እሱ ነው። እኔ ልሂድ ብል እምቢ አለኝ። እናትህ ያስያዘችው ዕቃ ብዙ ነውና መናኸሪያ ወጥተህ ጠብቀው፤ ፌስታሉን በደህናው እጅህ ተቀበለው።

አባትህ
ደሴ