ከቦሌ ስንቀበላችሁ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፓርኪንጉን በተመለከተ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የገናና የጥምቀት ሰሞን ደረሰና ስልካችን እረፍት አጣ። ከኤርፖርት በመኪናችን እንድንቀበለው የሚደውል አብዛኛው ሰው የሚጠይቀን "ከቦሌ ኤርፖርት መሀል ከተማ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" ብሎ ነው። መንገዱማ አጭር ነው። እስከ መስቀል አደባባይ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሌሊት ከሆነ ሩብ ሰዓት አካባቢ ይበቃል። ሰው የሚጉላላው በቀንና በሰዓት አቆጣጠር ነው።

ቲኬቱ ላይ "ዓርብ 01:30" ተብሎ ተጽፏል እንበል። ከዱባይ የምትመጣው እህት "ዓርብ አንድ ሰዓት ተኩል" ብላ ለቤተሰብ ትደውላለች። እናት የጠዋቱ ይሁን የማታው ግራ ይገባቸዋል። ወንድም ነቃ ያለ ነው፤ 6 ሰዓት ይጨምርና "ዓርብ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል" ብሎ ለእኛ ይነግረናል። ሰዓቱን አልሳተም። ቀኑን ግን ስቶታል። በፈረንጆቹ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል፤ በእኛ ግን ካልነጋ ቀኑ ያው ነው። ያ አውሮፕላን የሚያርፈው ሐሙስ ሌሊት፣ ለዓርብ አጥቢያ ነው። ዓርብ አምሽተን ብንሄድ እህት አዲስ አበባ ከገባች አንድ ቀን አልፏታል።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ የቲኬቱን ፎቶ በቴሌግራም ላኩልን። የበረራ ቁጥሩና ቀኑ ከታየን ይበቃናል፤ ሌላውን ሸፍኑት። የበረራ ቁጥሩ ካለን አውሮፕላኑ ቢዘገይም ሾፌሩ ያንን አይቶ ነው የሚነሳው።

"በሩ ላይ ጠብቁኝ" የሚሉን ብዙ ናቸው። ብንችል ደስ ባለን። ተቀባይ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም፣ መኪናም በሩ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ሾፌራችን የሚቆመው ፓርኪንግ ነው። ሻንጣችሁን በጋሪ እየገፋችሁ ወደዚያ ኑ። ደግሞም አውሮፕላኑ መሬት እንደነካ አትደውሉ። ማለዳ ላይ ከአውሮፓም ከአሜሪካም ከእስያም የሚመጡ በረራዎች ተከታትለው ስለሚያርፉ ሻንጣ መጠበቁ ሊረዝም ይችላል። ፓርኪንጉ ክፍያ አለው፤ ሻንጣችሁ እጃችሁ ሲገባ ደውሉ። ስልካችሁ እዚህ ካልሠራ ሲም ካርድ አዳራሹ ውስጥ ይሸጣል።

የሰውና የሻንጣ ብዛትም ቀድማችሁ ንገሩን። ሁለት ሁለት ሻንጣ የያዙ 3 መንገደኞችና አበባ ይዘው የመጡ 8 ዘመዶች በአንድ ቪትዝ አይገቡም። ተሞክሯል! ፖርቶመጋላ ያለው ሚኒባስ አለን፣ ግን ቀድመን ማወቅ አለብን።

አንዳንድ ደንበኛ "ሾፌሩ አዞረኝ" ይላል። ዋጋችን ቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ቢያዞር ነዳጁ የሚቃጠለው ከእኛ ነው። ከሥራ መውጫ ላይ ከወሎ ሰፈር እስከ ፍላሚንጎ ያለው መንገድ ሲዘጋጋ ሌላ መንገድ መሞከር ግድ ነው። ወደ መገናኛና ሲኤምሲ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም በኢምፔሪያል፣ በቀለበት መንገድ ቢሄድ ይሻለዋል። ጥር 10 ከሰዓት በኋላና ጥር 11 ታቦታት ስለሚያልፉ ብዙ መንገድ ይዘጋል። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖርም በእጀባው ምክንያት ቦሌ መንገድ ላይ መቆም ያለ ነው። በእነዚህ ቀናት ሰዓት አስልተን ቃል አንገባም።

እውነቱን ለመናገር፣ በቀን፣ ብቻችሁን፣ በአንድ የእጅ ሻንጣ ከመጣችሁ እኛን መጥራት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ቢጫ ታክሲ አለ፣ በስልክ የሚጠሩት ራይድና ፈረስም አሉ። ቀላል ባቡሩ ኤርፖርት አይደርስም፤ ሚኒባስ የምትፈልጉ ደግሞ ከግቢው ወጥታችሁ እስከ ቦሌ ድልድይ መሄድ አለባችሁ።

ለጥምቀት የምትመጡ ቲኬታችሁን አሁኑኑ ላኩልን፤ ሚኒባሶቹ ቶሎ ይያዛሉ።

ከአክብሮት ጋር
የኤርፖርት አቀባበል ክፍል