ደብተር መግለጥና ሥዕል መገልበጥ

ለአዘጋጁ፦

እየጠፉ ስላሉ የከተማ ሙያዎች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁት ዘገባ እኛን የውሃ ቀለም ሰዓሊዎችን በአንድ ሐረግ ጨርሶናል፦ «ከፎቶግራፍ እየገለበጡ ትዝታ የሚያቆዩ አማተሮች»። አማተሩን ልተወው። «እየገለበጡ» የምትለዋ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ዘጋቢያችሁ እኮ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ቆሞ ሦስት ደብተሮቼን ገልጦ አይቷል። ለካ ደብተር መግለጥና ሥዕል መገልበጥ ተምታቶበታል! ጥላውን ወረቀቴ ላይ ጥሎ «በየትኛው አፕ ነው የምትሠራው?» ሲለኝ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

እስኪ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ቦታው ድረስ ሄዶ ዐይን ያየውን መሣል የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ሕግ ነው። ጋብሪኤል ካምፓናሪዮ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲያትል ላይ የጀመረው የ«ኧርባን ስኬቸርስ» (ከተማን በቦታው ተገኝተው የሚሥሉ ሰዎች ስብስብ) ማኒፌስቶ የሚከፈተው በዚሁ ነው። ሰውየው፣ ልብ በሉልኝ፣ ጋዜጠኛ ነው።

ታፔላ በእጅ የሚጽፉ አንድ አዛውንት ሥያለሁ። በግራ እጃቸው ቀጭን ዘንግ ይዘው የቀኝ እጃቸውን አንጓ እሱ ላይ ያሳርፋሉ። ይህን ካሜራም ያሳያችኋል። የመጀመሪያዋን ፊደል ያሰፈሩት ግን ሰሌዳው መሐል ላይ ነበር፤ ቦታ እንዳያጥራቸው ፊደሎቹን አስቀድመው ቆጥረው፣ ከመሐል ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ይህን ያየሁት ቀለሜ እስኪደርቅ እጄን አጣጥፌ ስለተቀመጥኩ ነው። ውሃ ቀለም ችኮላ አይወድም፤ እርጥቡ ላይ ከደረቡበት ይጨቀያል።

ፎቶ እያለ ሥዕል ምን ይሠራል ለምትሉም፦ ብሪታንያ ውስጥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት በ1939 እ.ኤ.አ. በወጣ ዕቅድ፣ በቦምብም በግንባታም ይጠፋሉ የተባሉ ሥፍራዎችን የሚሥሉ ሰዓሊዎች ተሰማርተው ነበር። ከ1,500 የሚበልጡት ሥዕሎች፣ አብዛኞቹ በውሃ ቀለም፣ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው። ካሜራ ጠፍቶ አልነበረም።

አልዋሽም፣ ዝናብ አባሮኝ የአንድ መስኮት ቀለም ቤቴ ገብቼ ከስልኬ ላይ አይቼ የጨረስኩበት ቀን አለ። በአንድ መስኮት ገልባጭ ከተባልኩ ደግሞ የእናንተው ዘገባ ያጌጠበት ፎቶ ግርጌ ምን እንደሚል ተመልከቱ፦ «ከማኅደር»።

እርማት እጠብቃለሁ። ዘጋቢው ተመልሶ ቢመጣም የታፔላውን ሥዕል አሳየዋለሁ። ሰማዩ ላይ የዝናብ ጠብታ አርፎ ያበላሸው ነጣ ያለ ክብ አለ። እሱን ከየትኛው ፎቶ እንደገለበጥኩት ይንገረኝ።

አንድ የውሃ ቀለም ሰዓሊ