«ቺ» ምትሃት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቻይና የውጊያ ስፖርቶች ባወጣችሁት ጽሑፍ «ቺ» ተጋጣሚን ሳይነኩ የሚጥል ስውር ኃይል ተደርጎ መቅረቡ፣ ትርጉሙ ከቻይናውያን አንደበት ሳይሆን ከፊልም የተወሰደ ስለመሰለኝ ይህን ማስተካከያ ልኬያለሁ።

ቺ በመሠረቱ ትንፋሽ፣ እንፋሎትና አየር ማለት ሲሆን፣ በነባሩ አጻጻፍ ምልክቱ እንፋሎትንና ሩዝን ያጣመረ ነው። ቻይናውያን ዛሬም የአየር ጠባይን «ቲየንቺ»፣ ማለትም የሰማይ ቺ፣ መቆጣትን ደግሞ «ሼንግቺ» ስለሚሉ፣ ቃሉ የየዕለት ንግግራቸው እንጂ የምስጢር ማኅበር ቋንቋ አይደለም። በፈላስፋው ጁዋንግዚ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ የሰው ሕይወት የቺ መሰብሰብ፣ ሞቱም የቺ መበተን እንደሆነ ይናገራል። ነፋስን፣ ነፍስን፣ መንፈስንና ትንፋሽን አዛምዶ ለሚናገር የአማርኛ አንባቢ ይህ አስተሳሰብ ያን ያህል እንግዳ አይሆንም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰስ ቅርስነት በመዘገበው፣ በዝግታ በሚሠራው የቻይና የውጊያ ስፖርት በታይቺ (በነገራችን ላይ፣ በዚህ ስም ውስጥ ያለው «ቺ» ወሰን ወይም ጫፍ የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ቃል ነው) መምህራን «ቺን ወደ ዳንቲየን አውርዱ» ሲሉ፣ ተማሪው ከእምብርት በታች ወዳለው የሆድ ክፍል በጥልቀት እንዲተነፍስ፣ ትከሻውን እንዲያላላና ከእግር የሚነሳውን ጉልበት በወገቡ አሳልፎ ወደ እጁ እንዲያደርስ ማሳሰባቸው ነው። ቺን እንደ ምትሃት የሚያዩትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በቼንግዱ ከተማ ሹ ሺያዎዶንግ የተባለው የድብልቅ ፍልሚያ ስፖርተኛ አንድ የታይቺ መምህርን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማሸነፉ በቻይና ብዙ አከራክሯል። ጽሑፋችሁ ይህን ክርክር ቢያነሳ ኖሮ የተሟላ ይሆን ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ