ውሃው ሲፈነዳ አትሳቢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቅዳሜ ሜሪላንድ ሳንዲ ፖይንት ላይ፣ ሮክፊሽ ከሚሉት ባለ መስመር ዓሣ ሦስት ፖፐርሽን፣ ያንን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ መትተው ሦስቱም እንዳመለጡሽ ስትነግሪኝ፣ ቁጭትሽ ለእኔም ተረፈ። በስልክ በደንብ አላስረዳሁሽም፤ ልጻፍልሽ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅ ሆነን ሐዋሳ አሞራ ገደል ቆሮሶ በትል ስናጠምድ፣ ክሩ ነዘር ካለ ወዲያው ወደ ላይ መንጨቅ ነበር። አንቺም ያንኑ ከእጄ አይተሽ ወሰድሽው።

ሮክፊሽ በፖፐር ሲያዝ ሌላ ነው። ክሩን ሳብ ስታደርጊ የፖፐሩ ጎድጓዳ ፊት ውሃውን ይገፋና ቧ ይላል። ዓሣው የሚበላው ትንሽ ዓሣ፣ የተጎዳ ሜንሄደን መስሎት ከሥር ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ ይገፋዋል ወይም በጅራቱ ይመታዋል እንጂ አይጎርሰውም። ውሃው ሲፈነዳ አንቺ ደንግጠሽ ዘንጉን ታነሻለሽ፤ ፖፐሩ ከፊቱ ተነጥቆ አየር ላይ ይወጣል። ስለዚህ ዓይንሽ ያየውን ተይው። ምንም እንዳልተፈጠረ መሳብሽን ቀጥዪ። ክብደቱ ጣትሽ ላይ ሲመጣ፣ የዘንጉ ጫፍ ወደ ውሃው እንዳመለከተ፣ ክሩን በግራ እጅሽ ረዘም አድርገሽ ወደ ኋላ ሳቢ። ቢስተውም ፖፐሩ እዚያው ስላለ ይመለሳል። አንዱን አስታውሳለሁ፤ ሦስት ጊዜ መትቶ ስቶ፣ በአራተኛው ነው የጎረሰው። ጎኑ ላይ ያሉት ጥቋቁር መስመሮች በንጋቱ ብርሃን አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር።

ጎሕ ሳይቀድ ድረሺ። ፀሐይ ከፍ ካለች ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ውሃው ሲሞላ ወይም ሲጎድል፣ ማለትም ሲንቀሳቀስ፣ የድንጋዩ ጫፍ ላይ ወራጁ የሚታጠፍበትን ቦታ ፈልጊ። የቆመ ውሃ ላይ አትድከሚ።

አንድ አደራ አለኝ። ሜሪላንድ ይህን ዓሣ በፈረንጆቹ 1965 የግዛቷ ዓሣ አድርጋ መርጣው፣ በ20 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን ከለከለች። ተመልሶ በዛ። አሁን ደግሞ ከፈረንጆቹ 2019 ወዲህ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚቆጠረው ጫጩት በየዓመቱ ከአማካዩ በታች ሆኗል። ይህ ያሳስበኛል፤ አንቺንም እንዲያሳስብሽ እፈልጋለሁ። የመንጠቆውን ትንሿን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቂያት። ዓሣውን ከመንካትሽ በፊት እጅሽን አርጥቢ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ደግሞ ተዪው፤ በሞቀ ውሃ የታገለ ዓሣ ዋኝቶ ቢሄድም ኋላ ሊሞት ይችላል።

ስድስት ፖፐር ልኬልሻለሁ። ነጮቹ ከነጋ በኋላ ናቸው። ጥቁሩን ገና ጨለማ ሳለ እሰሪ፤ ከሥር ሲታይ ሰማዩ ላይ ጎልቶ የሚወጣው እሱ ነው። ለከባድ ፖፐር ጠንከር ያለውን ባለ 9 ቁጥር ዘንግ ያዢ፤ ባለ 8ቱ ነፋስ ካለ ያደክምሻል።

ቅዳሜ ከውሃው ስትወጪ ደውዪልኝ፤ ከሌሊት ጀምሮ ነቅቼ እጠብቃለሁ።

አባትሽ