ደብዳቤውን ልጃችሁ ያንብብላችሁ

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? አዝመራው እንዴት ይዟችኋል? ጤፉ ታጭዶ ያላለቀላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሰሞኑን ከክፍል የቀረ ልጅ ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «አጨዳ ላይ ነበርኩ» ይለናል። ስለዚህ በአጭሩ ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። ነገሩ ግን ደስ የሚል ሆነብኝና ረዘመ። ታገሱኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ ገና ነው። ይበልጥ ደግሞ ስለ አንዲት መምህርታችን። ስሟን አልጠራም፤ እሷም አትወድም። የ7ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ግን ወዲያው ታውቋታላችሁ።

ይህች መምህርት ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ አንድ ሥራ ትጀምራለች። በክፍሏ 46 ልጆች አሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ በእጇ አንድ ፖስት ካርድ ትጽፋለች። በማታ ሁለት፣ ሲደክማት ደግሞ አንድ። ወረቀቱ የሚገዛ አይደለም። ዓመቱ ያለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ትሰበስባለች። ጀርባው ነጭና ጠንካራ ነው። ባለቤቷ በማስመሪያና በምላጭ እኩል እኩል ይቆርጥላታል። 2ኛ ክፍል ያለችው ልጇ ከፊት ለፊት ሥዕል ትሥላለች። ኮከብ፣ ዶሮ፣ የገና ዱላ፣ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ። አንዳንዴ ዶሮዋ ከጎጆው ትበልጣለች። እናትየዋ አታስተካክልም፤ እንዳለ ትልከዋለች።

ውስጡ የሚጻፈው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው። «እንኳን አደረሰህ» ካለች በኋላ ልጁ ያደረገውን አንድ ነገር ትጽፋለች። ስለ ደረጃና ስለ ውጤት አንዲት ቃል አትጽፍም። ባለፈው ዓመት ልጆቹ ያሳዩኝን ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዱ፣ «ጓደኛህ ጭቃ ላይ ሲወድቅ ሌሎቹ ሳቁ። አንተ ደብተሩን አንስተህ በሹራብህ ጠረግህለት። አይቻለሁ» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ክፍልፋይ ያልገባትን ልጅ በእረፍት ሰዓት በጠጠር ስታስረጃት ነበር። አይቻለሁ» ይላል። ሁሉም የሚያልቀው በዚያው ቃል ነው። አይቻለሁ።

እኔ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ብዙ ሽልማትም ሰጥቻለሁ። አንድ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ተሸልሞ እንደዚያ ፊቱ ሲበራ ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም። አምና በሰኔ፣ የውጤት ካርድ በምንሰጥበት ቀን፣ አንዲት እናት መጥታ የልጇን የሒሳብ ደብተር ከፈተችልኝ። ፖስት ካርዱ ከልባሱ ሥር ተቀምጧል። ጫፉ ተበልቷል። «ይችን ወረቀት ማንም እንዲነካበት አይፈልግም፤ ምን ብላ ነው የጻፈችለት?» አለችኝ። አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔም እኮ ይህን ነገሩን አላውቅም ነበር» አለች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ መምህርቷ ልጆቹም ደብዳቤ እንዲጽፉ ታደርጋለች። የሚጽፉት ለእናንተ ነው። ለእናት፣ ለአባት፣ ለአያት፣ ላሳደጋቸው ሰው። የአማርኛ ትምህርት ሥራቸው ነው፤ ግን ነጥብ አይሰጥበትም። ልጁ ይጽፋል፣ ያስተካክላል፣ በፖስታ ያሽጋል። ገና ጠዋት ቤት ውስጥ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ዘንድሮ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሁሉም መምህራን ይህን እንዲያደርጉ ተስማምተናል።

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣላት አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል አጫውታን ነበር። እናቷ የሚኖሩት በቢቸና በኩል ገጠር ውስጥ ነው። ማንበብ አይችሉም። እሷ መምህራን ማሠልጠኛ እያለች ደብዳቤ ትልክላቸው ነበር። የሚያነብላቸው አንድ የጎረቤት ልጅ ነው። ልጁ እየቸኮለ፣ ግማሹን እየዘለለ ያነባል። እናቷ ደግሞ ይሉኝታ ይዟቸው «ድገመው» አይሉትም። አንድ ዓመት ለገና አገር ቤት ስትገባ ያንኑ ደብዳቤ ከሞሰብ ሥር አወጡና «እስቲ አንቺው አንብቢልኝ» አሏት። አነበበች። «ድገሚው» አሏት። ደገመች። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ሦስት ጊዜ አነበበችላቸው። ከዚያ ወዲህ በየገናው ለእናቷ አዲስ ደብዳቤ ጽፋ ራሷ ይዛ ትሄዳለች። ዘንድሮ ደግሞ የምታነበው ትንሿ ልጇ ናት። ለአያቷ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ገና ጠዋት ሥራ እንደሚበዛ አውቃለሁ። ሌሊቱን ቅዳሴ የቆመ ሰው ደክሞታል። ጾም የሚፈታው አለ፣ ዶሮው አለ፣ እንግዳው አለ፣ ቅርጫ የሚከፋፈለው አለ። ቢሆንም ቡናው ሲቀርብ ልጃችሁ ከኪሱ ፖስታ ካወጣ «ቆይ በኋላ» አትበሉት። ተቀመጡለት። ቢንተባተብ ጠብቁት። ፊደል ቢስት አታርሙት፤ እሱ የእኛ ሥራ ነው። አባቶች በተለይ እናንተን ነው የምለው። ከቻላችሁ ሲጨርስ «ድገመው» በሉት።

ይህን ደብዳቤ ራሱ ልጃችሁ እያነበበላችሁ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ፣ አንባቢው ሆይ፣ ጎበዝ፤ እየጮህክ ቀጥል።

ከ7ኛ ክፍል ልጆች ውስጥ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ሰባት አሉ። ለበዓል ባዶ የስንቅ ከረጢታቸውን ይዘው ወደ ጮቄ በኩል በእግር ይወጣሉ። መምህርቷ የእነሱን ፖስታ በፌስታል ጠቅልላ ትሰጣቸዋለች። በከረጢቱ ውስጥ የቀረ የበርበሬና የሽሮ ብናኝ እንዳይነካው ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ ልናገር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ግን መጻፍ አለበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገና ከየልጁ 100 ብር እየተዋጣ ለመምህራን ስጦታ ይገዛ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከቅን ልብ ነው። እኔም ዳይሬክተር ሆኜ አልከለከልኩም። አንዲት ልጅ አራት ቀን ቀረች። በአምስተኛው ቀን እናቷ ይዛት መጣች። ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ቢሮዬ ገብታ ሳትቀመጥ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ቋጠሮው ውስጥ 60 ብር ነበር። «ቀሪውን ለጥምቀት አመጣለሁ፤ ልጄ ግን ትማርልኝ» አለችኝ። ብሩን መልሼ በእጇ ላይ አስቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጅቷ በር ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መዋጮ የለም። ማንም በማንም ስም ቢጠይቃችሁ አትስጡ፤ መጥታችሁም ንገሩኝ። ከገጠር ማር፣ ዶሮ ወይም አረቄ ይዛችሁ ለመምህራን የምታመጡም አላችሁ። ፍቅራችሁ ይገባናል። እባካችሁ ለጎረቤታችሁ ስጡት። የክፍል ማስጌጫ ብላችሁም ጥድ ቆርጣችሁ እንዳትልኩ። አንድ ጥድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ።

መምህርቷ ሌላም ልማድ አላት፤ ዘንድሮ ሁላችንም ወስደነዋል። ልጆች ከበዓል ሲመለሱ «ምን በላችሁ? ምን ተገዛላችሁ?» ብላ አትጠይቅም። ኑሮ ተወዷል። ዶሮ ያልተሠራበት ቤት ብዙ ነው። ያ ልጅ በ45 ልጆች ፊት ምን ብሎ ይመልስ? እሷ የምትጠይቀው «ከማን ጋር ዋላችሁ?» ብላ ነው። ለዚህ ሁሉም ልጅ መልስ አለው። ከብት ሲጠብቅ የዋለውም «ከአጎቴ ልጆች ጋር» ብሎ ይጀምርና ወሬው አያልቅም።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ሜዳው ላይ የገና ጨዋታ አለ። አንድ አባት ከሰፈር መጥተው ያጫውታሉ። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ መሆን አለበት። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚያበጁት። ጥንጓ በድሮው ልማድ ከእንጨት ወይም ከጠፍር ነው የምትሠራው። እኛ ግን የጥርስና የቅልጥም ነገር ስላሳሰበን በጨርቅ ጠቅልለን አሰፋናት። ሽማግሌው መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ በኋላ ተስማሙ። ሴቶች ልጆችም ይጫወታሉ። አምና የላይ ሰፈርን ያሸነፈችውን ጥንግ የመታችው ሴት ልጅ ናት።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መምህርቷ ልጆቹን ስለዚህ ታወያያቸዋለች። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ይጋፉ ነበር። ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ቂም የለም። እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት ጋርም ይያያዛል። በልማዱ ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። እሷ ይህን አላስቀረችም። አንድ ደንብ ብቻ አወጣች፤ ግጥሙ የሰው መልክ፣ ቤተሰብና ድህነት እንዳይነካ። ልጆቻችን የቅኔ አገር ልጆች ናቸውና አልተቸገሩም። አምና የታች ሰፈር ልጆች እንዲህ አሉ፦

የላይ ሰፈር ዱላ ምን ቢረዝም ቢያምር፣
ጥንጓ ጥላው ሄደች ከጓዱ ሲማከር።

የተሸነፉት ራሳቸው ተቀብለው አዜሙት።

ከጨዋታው በኋላ ዳቦ ይቆረሳል። ጾሙ ስላልተፈታ ያለው ዳቦና ቆሎ ነው። መምህርቷና ባለቤቷ ማታውን በኮባ ቅጠል ይጋግሩታል። ለአንድ ልጅ የሚደርሰው የመዳፍ ያህል ነው። ጠዋት ክፍሉ ገና በሩ ሲከፈት ይሸታል።

አንዳንድ ወላጆች በክፍል ውስጥ የሃይማኖት ሥነ ሥርዓት ይደረግ እንደሆነ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አይደረግም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ልጆችም አሉን። ፖስት ካርዱ ለ46ቱም ይጻፋል፤ ገናን ለማያከብር ልጅ የገናን ሰላምታ አትጽፍም፤ «አይቻለሁ» ግን ለሁሉም አለ። ለቤተሰብ የሚጻፈውን ደብዳቤም ሁሉም ይጽፋል፤ መቼ እንደሚያነበው ቤተሰቡ ይወስን። ለዒድም እንዲሁ ታደርጋለች። በሰፈራችን ገና ሲሆን ሙስሊም ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ይመጣል፤ ለዒድ ደግሞ እኛ እንሄዳለን። ልጆቹ ይህን ከቤታችሁ ይዘውት የመጡት ነው እንጂ እኛ አላስተማርናቸውም።

የ8ኛ ክፍል ልጆች «ገና አንዳንድ ዓመት ለምን ታኅሣሥ 28 ይሆናል?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ መልሱን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሠርተውታል፤ እንዲያስረዷችሁ አድርጉ። ፍንጩ ይህ ነው፤ ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት አልፎ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ነው።

በመጨረሻ አንድ ከባድ ጉዳይ አለን። ትምህርት የሚዘጋው በበዓሉ ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ብቻ ነው። በየዓመቱ ግን ከገና እስከ ጥምቀት ክፍሎቻችን ግማሽ ይሆናሉ። ውቂያው እንዳለ አውቃለሁ። አውድማ ላይ የልጅ እጅ ምን ያህል እንደሚያግዝም አውቃለሁ፤ እኔም በሬ እየነዳሁ ነው ያደግኩት። ነገር ግን የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ጥር ውስጥ ነው። በእነዚያ ቀናት የምናስተምረው ፈተናው ላይ የሚመጣውን ነው። ወንፈል የምትገቡ ከሆነ ቅዳሜን ምረጡ። ልጁን የግድ የምትፈልጉት ቀን ካለ አስቀድማችሁ ለክፍል ኃላፊው ንገሩ፤ ያመለጠውን እናካክስለታለን። ቤት ተከራይተው የሚማሩትንም ስንቃቸውን አዘጋጅታችሁ በጊዜ መልሱልን።

ለምታከብሩ ሁሉ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ልጆቻችንን ታኅሣሥ 30 ጠዋት በ2:00 ሰዓት በር ላይ ቆመን እንጠብቃቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር