ለልጄ፦ ከሃርትላንድ ኪይ እስከ ቢውድ በእግር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ነሐሴ ላይ ከጓደኞችሽ ጋር ከሃርትላንድ ኪይ እስከ ቢውድ ያለውን የባሕር ዳር መንገድ በአንድ ቀን ልትሄዱት ማሰባችሁን ሰማሁ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ትረሺዋለሽና ጻፍኩልሽ።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንቺ ግን ኪሎ ሜትሩን ትተሽ ሸለቆዎቹን ቁጠሪ፤ አሥር ናቸው። ከማይንሄድ እስከ ፑል ወደብ 1,014 ኪሎ ሜትር ከሚሄደው የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የባሕር ዳር መንገድ ውስጥ በጣም ከባድ ከሚባሉት ቀኖች አንዱ ይህ ነው። ምክንያቱም መንገዱን የረገጡት የባሕር ጠባቂዎች ናቸው። ሥራቸው ኮንትሮባንድ ነጋዴ መፈለግ ስለነበር እያንዳንዱን የባሕር ሰርጥ ወርደው ማየት ነበረባቸው። ስለዚህ መንገዱ ሸለቆ ሲያገኝ ዞሮ አያልፍም፤ ባሕሩ ጫፍ ድረስ ወርዶ በወዲያኛው በኩል ይወጣል።

የሰሜን ተራሮችን የሚያውቅ ሰው 100 ወይም 130 ሜትር ዳገት ምን አላት ሊል ይችላል። አንዱ ብቻ ቢሆን እውነቱን ነው። ቀኑ ሲያልቅ ግን ድምሩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይሆናል፤ የወጣሽውን ያህልም ትወርጃለሽ። ዳገት ትንፋሽ ይጨርሳል፣ ቆም ብትዪ ይመለስልሻል። ቁልቁለት ግን የጭን ጡንቻን ስለሚጎዳ በዕረፍት ቶሎ አይመለስም። አምስተኛው ሸለቆ ላይ ጉልበት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሰው የሚንሸራተተውም ያኔ ነው፣ በተለይ ዝናብ ያረጠበው ጭቃና ንብርብር ድንጋይ ላይ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ጀምረሽ እግርሽን ቆጥቢ። እርምጃሽ አጭር ይሁን፣ ጉልበትሽ በትንሹ የታጠፈ፣ አትሩጪ። ሁለት የእግር ጉዞ ዱላ ያዢ፤ ስትወርጂ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስረዝሚያቸው። መውረድ ከመጀመርሽ በፊት ተቀምጠሽ ጫማሽን እንደገና እሰሪ። ተረከዝሽን መሬት ላይ መታ መታ አድርገሽ ወደ ጫማው ኋላ አስገቢው፣ ጣቶችሽ ላይ ያለውን ክር ላላ፣ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ያለውን ጠበቅ አድርጊ። እንዲህ ካልሆነ እግርሽ ወደፊት እየተንሸራተተ ጣቶችሽ የጫማውን አፍንጫ ሲመቱ ይውላሉ፤ ማታ ጥፍርሽ ይጠቁራል።

እግርሽ ላይ አንድ ቦታ ሞቅ ሞቅ ሲልሽ ያንኑ ደቂቃ ቁሚ። ካልሲሽን አውልቂ፣ አሸዋውን አራግፊ፣ ቆዳሽን አድርቂና ጨርቅ ፕላስተር ሳይሸበሸብ ለጥፊበት። ውኃ ከቋጠረ በኋላ ግን ፕላስተሩ ብዙም አያድንሽም። ጓደኞቼን አላስቆምም ብለሽ አትለፊው።

ጊዜውን እንዲህ አስዪው። የድሮው የተራራ ተጓዦች ስሌት ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ይሰጣል። በዚያ ስሌት ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ይወጣል። ነገር ግን ቁልቁለቱንም ዕረፍቱንም አይቆጥርም፤ እናንተ 9 ሰዓት ያዙ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር 8 ሰዓት፣ እግራችሁ መንገድ ላይ ይሁን። አውቶቡስ የሚያደርሳችሁ ሃርትላንድ መንደር ድረስ ነው፤ ከዚያ እስከ ባሕሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚቀር ዋዜማውን እዚያው አካባቢ እደሩ።

መጀመሪያ የምታገኙት ትልቅ ሸለቆ ስፒክስ ሚል ማውዝ ነው። ባሕሩ ገደሉን የሚበላው ወንዙ ሸለቆውን ከሚቆፍረው ፈጥኖ ስለሆነ፣ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ አፉ በአየር ላይ ቀርቶ በፏፏቴ ይወድቃል። ቆም ብለሽ እዪው። ከዳገቱ በኋላ ረዘም ያለ ለጥ ያለ ሜዳ ይመጣል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መንገዱ ቀላል መስሎት ይፈጥናል፣ ጉልበቱን ይጨርሳል። ከዚያ ዌልኮም ማውዝና ማርስላንድ ማውዝ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ተከታትለው ይመጣሉ። ዌልኮም ላይ ወንዙን በድንጋይ ላይ ትሻገራላችሁ፤ ማርስላንድ ላይ የዴቨን አውራጃ አልቆ የኮርንዎል አውራጃ ይጀምራል። ከማርስላንድ እስከ ሞርዌንስቶው መንደር ያለው ክፍል በእኔ ግምት የቀኑ ከባዱ ነው፤ አንዱን ወጣሁ ስትዪ ሌላው ከፊትሽ ተከፍቶ ይጠብቅሻል።

ሞርዌንስቶው ከግማሽ መንገድ ትንሽ አለፍ ይላል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አጠገቡ ሻይ ቤት አለ፣ ውኃ ትሞላላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ደብር ቄስ የነበሩት ሮበርት ስቲቨን ሆከር መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር የተፋቸውን መርከበኞች እያነሱ በክብር ይቀብሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 የሰጠመችው የካሌዶኒያ መርከብ መርከበኞች እዚያው ግቢ አርፈዋል። ገብተሽ ጸልዪላቸው።

ውሳኔ የምትሰጡት እዚህ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ከደረሳችሁ፣ ወይም አንዳችሁ ጉልበቱን ካመመው፣ ታክሲ ጥሩ። ስልክ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ ከላይ ሆናችሁ ደውሉ። ከሞርዌንስቶው በኋላም ገና ብዙ መውጣትና መውረድ አለ። ትልልቆቹን የሳተላይት ሳህኖች አልፋችሁ ዳክፑል ወርዳችሁ ስትወጡ ነው እየቀለለ የሚሄደው። ከሳንዲማውዝ ወዲያ ያለው እግር ማፍታቻ ነው።

እዚያ ጋ ግን ሌላ ፈተና አለ። ባሕሩ ሸሽቶ ሰፊ አሸዋ ታያላችሁ፣ ቢውድም ፊት ለፊት ይታያል፣ «በአሸዋው ብንሄድስ?» የሚል አይጠፋም። የውኃውን ሰዓት በትክክል ካላወቃችሁ አትውረዱ። ውኃው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ለመሙላት 6 ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ አሞላሉ ግን እኩል አይደለም። 6 ሜትር የሚነሣ ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት ግማሽ ሜትር ብቻ ይጨምራል፣ በሁለተኛው 1 ሜትር፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ግን በየሰዓቱ 1 ሜትር ተኩል። ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት አይቶ ጊዜ አለኝ ይላል፤ ቀጥሎ ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ባሕር ይሆናል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ይብሳል። የሰዓት ሰንጠረዡንም ራሱን አጣሪው፤ እንግሊዞች በበጋቸው ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉ፣ በግሪንዊች ሰዓት የታተመ ከሆነ በነሐሴ ወር 1 ሰዓት መጨመር አለብሽ።

ገደሉ ጫፍ ላይ ፎቶ አትነሡ። ሣሩ ጠንካራ መሬት ላይ ያለ ይመስላል፤ ከሥሩ ባሕሩ በልቶት ባዶ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ሲነሣ ከጫፉ የበለጠ ራቁ። ምሳችሁንም ከገደል ሥር ተቀምጣችሁ አትብሉ፣ ድንጋይ ይወርዳል።

ውኃ ለየራሳችሁ 3 ሊትር ያዙ፤ ከላይ ከብትና በግ ስለሚሰማሩ የወንዙን አትጠጡ። በሶና ዳቦ ቆሎ ከሚሸጠው ቸኮሌት ሁሉ ይሻላል፣ ሙቀት አያቀልጠውም። በሶውን ጨው ጣል አድርገሽ በጥብጪው። በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብዪ፣ እስኪርብሽ አትጠብቂ። የፍልሰታ ጾም ላይ እንዳይውል ቀኑን እዪው። ምግቡስ የጾም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ግን ይህ መንገድ አይሞከርም። ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጉት።

ጥጃ ያላት ላም ካያችሁ ዙሩ፤ በመካከላቸው አትለፉ። የከፈታችሁትን የአጥር በር ዝጉ። አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ «ኮስትጋርድ» (የባሕር ጠባቂ ማለት ነው) በሉ። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ 6 ጊዜ ፊሽካ ንፉ፣ 1 ደቂቃ ቆዩ፣ እንደገና ንፉ።

ቢውድ ባቡር የላትም፤ መስመሯ እ.ኤ.አ. በ1966 ተዘግቷል። ወደ ኤክሰተር የሚሄደው አውቶቡስም እናንተን አይጠብቅምና ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ። ማታ ስትታጠቢ ከጉልበትሽ ጀርባ፣ ብብትሽንና ወገብሽን ለመዥገር ፈትሺ፤ ረዥሙ ሣር ውስጥ አለ። ካገኘሽ በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳሽ ሥር ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው፣ አትጭመቂው፣ ቅባትም አትቀቢበት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ዙሪያው እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ካየሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ መዥገር እንደነከሰሽም ንገሪው።

አባትሽ