ጠዋት ሲነሳ ስለሚንኳኳ ሞተር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ከእናንተ ጋር በአንድ ነገር ላይ እየተጨቃጨቅን ነው። እናንተ «መኪናዬ ጠዋት ስትነሳ ድምፅ አላት፣ እዩልኝ» ብላችሁ ትመጣላችሁ። እኛ ደግሞ «ማታ አምጧትና እዚሁ ትደር» እንላለን። የተቀየማችሁ አላችሁ። ከኮምቦልቻ እኛ ጋ ደሴ ድረስ ለምትመጡት ደግሞ ይብሳል፤ በታክሲ ወርዳችሁ፣ በማግስቱ እንደገና መውጣት ነው። ስለዚህ ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስረዳት ይሻላል አልን።

ድምፁን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ ሽምብራ በብረት ምጣድ ላይ ሲታመስ የሚመስል «ክርርር» ይላል። ሁለት ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ ጭጭ። ቀኑን ሙሉ ደህና ትሠራለች። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ስድስት ወር፣ ዓመት ዝም ብሎ የሚነዳት።

ከኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ገደማ ዳገት ወጥታ የደረሰች መኪና ሞተሯ ግሏል፤ ዘይቱም እላይ ድረስ ተዳርሷል። አሥር ጊዜ አጥፍተን ብናስነሳት ትንፍሽ አትልም። ባለቤቱ «እመኑኝ፣ ጠዋት ትጮሃለች» ይላል። እናምናለን፤ ግን ያልሰማነውን ድምፅ መጠገን ግምት ነው። ግምቱ ሲስት የሚከፍለው ደግሞ ባለመኪናው ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል? ቪትዝ፣ ያሪስና ባለ 1ኤንዜድ ወይም 1ዜድዜድ ሞተር ኮሮላ የምትነዱ፣ ሞተራችሁ ባለካቴና፣ ማለትም ውስጡ የብረት ሰንሰለት ያለው ነው። ካቴናው ከታች ክራንኩን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ)፣ ከላይ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ይዞ ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱ ያደርጋል። ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር የሚባል የጣት ያህል እቃ ነው፤ ዋና ጉልበቱን የሚያገኘው ከዘይት ግፊት ነው። ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ኮፓ፣ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ይወርዳል። ጠዋት ፖምፓው መልሶ እስኪያደርሰው ድረስ ቴንሽነሩ አቅም የለውም። ካቴናው ደህና ከሆነ ያን ጊዜ ያለ ድምፅ ያልፋል። ያለቀ ከሆነ ግን እየተወዛወዘ የፕላስቲክ መመሪያዎቹን ይገርፋል። ሽምብራው እሱ ነው።

«ካቴናው ተለጠጠ» እንላለን እንጂ ብረቱ እንደ ላስቲክ አልተሳበም። መጋጠሚያዎቹ ናቸው የተበሉት። እያንዳንዷ የፀጉር ያህል ክፍተት ስትደመር ካቴናው ይረዝማል። ጨርሶ ሲላላ ጥርስ ይዘላል፤ ያኔ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ ካቴና ሳይሆን ስለ ሞተር ነው።

ይህን ስትሰሙ ደንግጣችሁ «በሉ ቀይሩት» እንዳትሉ። አብሽሩ። ድምፅ ያለው ሁሉ ካቴናው አላለቀም። እኛም ባለፈው ክረምት ተሸውደናል። አንዲት ቪትዝ መጣች፤ ባለቤቱ ቸኩሎ ስለነበር ሳናሳድራት ካቴናውን፣ ቴንሽነሩንና መመሪያዎቹን ቀየርን። የዘይት ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) «በቅርብ ነው የቀየርኩት» ስላለን አልነካነውም። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ፤ ድምፁ እንዳለ ነው። ፊልትሮውን ፈተን ስናየው ዘይቱ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ላስቲክ እንደ ደረቀ ቆዳ ድርቅ ብሏል። ርካሽ ፊልትሮ ነበር። አዲስ ገጠምን፣ ድምፁ ጠፋ። የጉልበቱን ዋጋ መለስን፤ እፍረቱ ግን እስካሁን አለ።

ስለዚህ አሁን የምንጀምረው ከዘይትና ከፊልትሮ ነው። «ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» ብላችሁ 20-50 የምትሞሉ ብዙ ናችሁ። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ሲያንስ ዘይቱ ቶሎ ይደርሳል። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በኅዳር ብርድ ወፍራም ዘይት ቴንሽነሩ ጋ እስኪደርስ ካቴናው ያለ ውጥረት ይሽከረከራል። ለነዚህ ትንንሽ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ 5-30 እንሞላለን።

ይህ ተስተካክሎም ከጮኸች፣ ጠዋት ከባልደረቦቻችን አንዱ ቁልፍ ላይ፣ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጠብቃሉ። ድምፁ ከሞተሩ የካቴና ሽፋን በኩል ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከአንድ ሰከንድ ያልበለጠ «ግርር» ከላይ ከመጣ፣ በአንዳንድ ቶዮታዎች የካምሻፍቱ ቪቪቲ ጥርስ (የቫልቮቹን ሰዓት የሚያስተካክለው) መቆለፊያ ነው፤ ካቴናው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ነዳጅ ስትሰጡ ከታች «ዱክ ዱክ» የሚል ከሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ አትንዷት፣ በስልክ ጥሩን። የመመርመሪያ ማሽን ስናስገባ ፒ 0016 የሚል የብልሽት ቁጥር ካወጣ ክራንኩና ካሙ አልተግባቡም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መክፈት ግድ ነው።

ከከፈትን ካቴናውን ብቻ አንቀይርም። ቴንሽነሩ፣ መመሪያዎቹና የክራንኩ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ) አብረው ይቀየራሉ። በ1ዜድዜድ ላይ ቴንሽነሩ ከውጭ በሁለት ዳዶ ስለሚፈታ «እሱን ብቻ ቀይሩልኝ» ትሉናላችሁ። ካቴናው ካልረዘመ እሺ። ከረዘመ ግን ገንዘባችሁን መብላት ይሆንብናል። ምልክቶቹን አጋጥመን ከገጠምን በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር እናዞራለን፤ የሆነ ቦታ እምቢ ካለ ቁልፍ አይነካም። ኮፓውንም አውርደን እናያለን፤ የመመሪያ ስብርባሪ የፖምፓውን ወንፊት ይዘጋል። አሮጌውን እቃ በፌስታል አድርገን እንሰጣችኋለን።

ተራ እስኪደርሳችሁ ድረስ አንድ ነገር አደራ። የደሴ መንገድ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ድምፅ ያላትን መኪና ማርሽ ብቻ አስገብታችሁ ዳገት ላይ አታቁሙ። ወደኋላ ትንሽ ብትንሸራተት ሞተሩን በተቃራኒ ታዞረዋለች፤ የላላ ካቴና ደግሞ ጥርስ የሚዘለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ድንጋይም አድርጉ። ገፍቶ ማስነሳትም ይቅር።

ሃይሩፍ ያላችሁ፣ ባለ 5ኤል ወይም ባለ 2ኬዲ ሞተር ከሆነ ይህ ደብዳቤ አይመለከታችሁም። የናንተ በካቴና ፋንታ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ቺንጋ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይበጠሳል። የሚቀየረው በኪሎሜትር ነውና ኪሎሜትሩን ይዛችሁ ኑ።

መኪና የምታሳድሩ ከ11 ሰዓት በፊት አምጡ። ከቆመች በኋላ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ማንም አያስነሳትም፣ ጥበቃውም ጭምር። ማሳደሪያ አናስከፍልም። ከኮምቦልቻ ለምትመጡ የማታውን የታክሲ መመለሻ እኛ እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባልደረቦች
ደሴ